መስታወቱ ጠይም ነበር፦ በሮበርት ኧርዊን ሥራዎች ላይ ለቀረበው ትችት የተሰጠ ምላሽ

በቅርቡ በአሜሪካዊው ረቂቅ ሠዓሊ በሮበርት ኧርዊን ላይ የተጻፈ አንድ የአማርኛ መጣጥፍ አነበብኩ። ጸሐፊው ሥነ ጥበብ የሚወዱ፣ ብዕራቸውም የተባ ሰው መሆናቸውን ጽሑፋቸው ይመሰክራል። ይሁን እንጂ በድምዳሜያቸው አልተስማማሁም፤ ዝም ብዬ ማለፍም አልቻልኩም። የጸሐፊው ክስ በአጭሩ ይህን ይመስላል፦ የኧርዊን ሥራ ባዶ ክፍል ነው፤ ማንም ሊሠራው ይችላል፤ የዓይን ማታለያ እንጂ ሥነ ጥበብ አይደለም፤ ገንዘብ የተረፋቸው ሰዎች ቅንጦት ነው፤ በመጨረሻም ታሪክ የማይናገርና መልእክት የሌለው በመሆኑ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚፈይደው ነገር የለም። ለሁሉም መልስ አለኝ። ክብደታቸው እኩል ስላልሆነ ግን አንዳንዱ ላይ እቆያለሁ፣ አንዳንዱን ቶሎ አልፈዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ መነሣት ያለበት አንድ ጉዳይ አለ። ጸሐፊው ሥራዎቹን ያዩዋቸው በፎቶግራፍ ብቻ እንደሆነ በቅንነት ገልጸዋል። ስለ ቅንነታቸው አመሰግናቸዋለሁ፤ ችግሩ የሚጀምረውም ከዚሁ ነው። ኧርዊን በ1960ዎቹ የሥራዎቹ ፎቶግራፍ እንዳይታተም ይከለክል ነበር። ለአንድ ወጣት ሠዓሊ በመጽሔት መውጣት የእንጀራ ጉዳይ ነው፤ እርሱ ግን እምቢ አለ። ፎቶግራፍ የሥራውን መልክ ይወስዳል፤ ከሥራው ፊት የቆመው ሰው ላይ የሚደርሰውን ነገር ግን ትቶት ይሄዳል ብሎ ያምን ነበርና። የበገናን ፎቶግራፍ አይቶ «ዐሥር ጅማት ያለው እንጨት ነው» ብሎ የሚናገር ሰው አልዋሸም። በገናን ግን አልሰማም። የጸሐፊውም ፍርድ ከሞላ ጎደል እንዲህ ያለ ነው፤ ያዩትን በትክክል ገልጸዋል፣ ያዩት ግን የኧርዊንን ሥራ አልነበረም።

እንግዲህ «ባዶ ክፍል» ወደሚለው ልምጣ። በካሊፎርኒያ ሳንዲዬጎ ከተማ፣ ላ ሆያ በሚባለው ሰፈር፣ የፓስፊክን ውቅያኖስ የሚያይ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ። በ1997 ኧርዊን በዚህ ሙዚየም ውስጥ አንድ ሥራ ሠራ። ግድግዳው ላይ የሰቀለው ሥዕል፣ ወለሉ ላይ ያቆመው ሐውልት የለም። ባሕሩን በሚያሳዩት ትላልቅ መስታወቶች ላይ ሦስት ባለ አራት ማዕዘን ቀዳዳዎችን አስቆረጠ፤ አንዱን መሀል ላይ፣ ሁለቱን በግራና በቀኝ ማዕዘን። የቀዳዳዎቹ ጎን ከ60 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። የሥራው ስም እንኳን ቃል የለበትም፤ 1°2°3°4° ተብሎ በቁጥርና በዲግሪ ምልክት ብቻ ይጻፋል።

እኔ የምኖረው በዚያው በሳንዲዬጎ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ የመጣች ጊዜ ወደ ሙዚየሙ ወሰድኳት። ገና ከመግባታችን «ሥዕሉ የታለ?» አለችኝ። ልክ እንደ ጸሐፊው። ምንም አላስረዳኋትም፤ እኔም መጀመሪያ ያየሁ ቀን ማንም አላስረዳኝም ነበርና። ባሕሩን እያየች ትንሽ ቆመች። ከዚያ ወደ መሀለኛው ቀዳዳ ቀረብ ስትል ነፋሱ የነጠላዋን ጫፍ አነሣው። ደንገጥ ብላ ነጠላዋን ያዘች፤ በቀዳዳው በኩል ባሕሩን አየች፤ ወደ ጎን ዞር ብላ በመስታወቱ በኩል አየች፤ እንደገና በቀዳዳው አየች። ከዚያ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ «ውይ ልጄ! ለካ መስታወቱ ጠይም ኖሯል!» አለች።

እውነቷን ነው። መስታወቱ ፀሐይ እንዳይበረታ ጠቆር ተደርጎ የተሠራ ነው። ወደ ክፍሉ የገባ ሰው ሁሉ ባሕሩን የሚያየው በዚያ ጥቁረት ውስጥ ነው፤ ግን ማንም ጥቁረቱን ልብ አይልም። እናቴም ገብታ፣ ቆማ፣ ባሕሩን አድንቃ ነበር፤ እስከዚያች ቅጽበት ድረስ በፊቷ መስታወት እንዳለ አላሰበችም። ቀዳዳው ሲገኝ ግን ሰማያዊው ሌላ ሰማያዊ ሆነ፤ የማዕበሉ ድምፅ ገባ፤ የጨው ሽታ ገባ። ኧርዊን በዚያ ክፍል ውስጥ ምንም አልጨመረም። ከመስታወቱ ላይ ጥቂት ቀነሰ፤ በመቀነሱም የማይታየው መስታወት ታየ። አንድ ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ የሚያየው ባሕሩን፣ ጠይሙን መስታወትና ከሁሉም በላይ የራሱን ዓይን ልማድ ነው። ይህን ሁሉ የያዘ ክፍል ባዶ ተብሎ ሲጠራ እንዴት ዝም ልበል?

ነገሩ የሚሠራበትን መንገድ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል፤ የጸሐፊው ሦስተኛ ክስ፣ ማለትም «የዓይን ማታለያ ነው» የሚለው፣ የሚወድቀው በዚሁ ላይ ነውና። ነጭ ነጠላ በቀትር ፀሐይ ነጭ ነው፤ ማታ በኩራዝ ብርሃንም ነጭ ነው። ከነጠላው ተነሥቶ ወደ ዓይናችን የሚገባው ብርሃን ግን በሁለቱ ጊዜያት ፈጽሞ አንድ አይደለም። የኩራዙ ብርሃን ደካማ ነው፣ ወደ ብጫም ያደላል። አእምሯችን ይህን ያውቅና የብርሃኑን ቀለም ቀንሶ «ነጭ ነው» ይለናል። ይህ ባይሆን ኖሮ የልብሳችን ቀለም በየሰዓቱ ይለወጥብን ነበር። ቅነሳው ጠቃሚ ነው፤ ያለ እርሱ መኖር ከባድ ነው። ዋጋው ግን ብርሃኑ ራሱ ከዓይናችን መሰወሩ ነው። ነጠላውን እናያለን፣ ኩራዙ በነጠላው ላይ ያደረገውን አናይም። ጠይሙ መስታወትም የሚጠፋው በዚሁ መንገድ ነው።

ኧርዊን ዕድሜውን የሰጠው አእምሮ የሚቀንሰውን መልሶ ለመስጠት ነው። እርሱ ምን እንዳደረገ ከዚህ አጠር አድርጌ መናገር አልችልም።

አሁን «ማታለያ» የሚለውን ቃል ራሱን እንመርምር። የሚያታልል ሰው የሚደብቀው ነገር አለው። አስማተኛ ምስጢሩ የተገለጠ ዕለት ትርኢቱ ያበቃል። ኧርዊን ከ1964 እስከ 1966 ባሉት ዓመታት የሠራቸውን የነጥብ ሥዕሎች እንውሰድ። ሸራዎቹ በሁለቱም በኩል ከሁለት ሜትር በላይ ናቸው፤ መሀላቸው ወደ ተመልካቹ በጥቂቱ ጎበጥ ይላል። ከሩቅ ነጭ ሸራ ይመስላሉ። ቆይቶ ላየ ሰው ግን መሀሉ ላይ ስም የሌለው ቀለም፣ እንደ ጉም ያለ ነገር፣ ቀስ ብሎ ይበቅላል። ጠጋ ሲሉ በእጅ የተነቀሱ ጥቃቅን ቀይና አረንጓዴ ነጥቦች ይታያሉ። ቀይና አረንጓዴ ተቃራኒዎች በመሆናቸው ከርቀት ሲደባለቁ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል፤ የሚቀረው የሚርገበገብ አየር ብቻ ነው። ነጥቦቹ አልተደበቁም። ቀርቦ መቁጠር የፈለገ ይቁጠር። ቆጥሮም ሲያበቃ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ቢል ጉሙ ተመልሶ ይመጣል።

ክብ ሥራዎቹ ደግሞ ከዚህ ይብሳሉ። ከ1966 ጀምሮ መጀመሪያ በአሉሚኒየም፣ ቀጥሎ አክሪሊክ በተባለ ፕላስቲክ የሠራቸው፣ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ስፋት ያላቸው ክቦች ናቸው። ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል ወጣ ብለው በአንድ ዘንግ ይያዛሉ፤ አራት መብራቶች ከማዕዘን ይበሩባቸዋል፤ አራት ጥላዎች እንደ አበባ ቅጠል ተደራርበው ከኋላቸው ግድግዳው ላይ ይወድቃሉ። የክቡ ጠርዝ በጥንቃቄ እየደበዘዘ የተቀባ ነው። አንዱን ባየሁ ቀን ክቡ የት እንዳለቀ፣ ጥላው የት እንደጀመረ፣ ግድግዳው የት እንዳለ መለየት አቃተኝ። ወደ ጎን ሄጄ ዘንጉን አየሁት። መብራቶቹን ቆጠርኳቸው፤ አራት ናቸው። ተመልሼ ፊት ለፊቱ ስቆም አሁንም መለየት አቃተኝ። እያወቅሁ ነበር። ምስጢሩን ካወቁት በኋላ ጥንካሬው የማይቀንስ ነገር ማታለያ ሊባል አይችልም።

ጸሐፊው በዚሁ ነጥብ ሥር ሌላም ነገር አንሥተዋል፤ ኧርዊን ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር መሥራቱን ጠቅሰው «ይህ ሳይንስ እንጂ ጥበብ አይደለም» ብለዋል። መሥራቱ እውነት ነው። የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ሙዚየም ሠዓሊዎችን ከቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ጋር ለማገናኘት በጀመረው ፕሮግራም፣ በ1968 እና በ1969 ኧርዊን ከወጣቱ ሠዓሊ ከጄምስ ተሬል እና ጋሬት በተባለው የአየርና የጠፈር ኩባንያ ይሠራ ከነበረው የሥነ ልቦና ባለሙያ ከኤድ ዎርትዝ ጋር ተጣምሮ ነበር። ድምፅ በማይገባበት ክፍል ውስጥ በፍጹም ጨለማ ለሰዓታት ተቀምጠዋል። ከዚያ ሲወጡ መንገዱ፣ ዛፉ፣ ሰማዩ ሁሉ አዲስ ይሆንባቸው ነበር። የፕሮግራሙ ፍላጎት በመጨረሻ አንድ የሚታይ ዕቃ እንዲሠራ ነበር፤ እነርሱ ግን ምንም ዕቃ ሳይሠሩ ተለያዩ። ለእኔ ልዩነቱ የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። ሳይንቲስት የብዙ ሰዎችን ዓይን ለክቶ ለሁሉም የሚሆን ሕግ ይፈልጋል። ኧርዊን ከዚያ ክፍል ይዞት የወጣው ሕግ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ዓይን ብቻውን የሚቆምበትን ቦታ የማዘጋጀት ፍላጎት ነበር። የእናቴን «ውይ» የትኛውም ሠንጠረዥ ውስጥ አላገኘውም።

በ1977 በኒው ዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም የሠራው የዚህ ፍላጎት ታላቅ ፍሬ ነው ብዬ አምናለሁ። ሙዚየሙ በዚያን ጊዜ በነበረበት ሕንፃ አራተኛው ፎቅ ሰፊ አዳራሽ ነበር፤ ኧርዊን ዕቃውን ሁሉ አስወጥቶ በአንዱ መስኮት የሚገባውን የቀን ብርሃን ብቻ አስቀረ። ከዚያ 35 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ እንደ ሻሽ የሳሳ ጨርቅ ከጣሪያው አንጠልጥሎ በአዳራሹ መሀል ዘረጋ። ጨርቁ ወለሉን አይነካም፤ ከወለሉ 1.7 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይቆምና ጥቁር ብረት ጫፉን ይዘረጋዋል። በአዳራሹ ግድግዳዎች ዙሪያም በዚያው ከፍታ ጥቁር መስመር ተሰምሯል። ይኸው ነው። ብርሃኑ ጨርቁ ላይ ሲያርፍ ጨርቁ አንዴ ግድግዳ፣ አንዴ ጭጋግ ይሆናል፤ ሰው ሲንቀሳቀስ ጥቁሩ መስመርና ጥቁሩ ብረት ይገጥማሉ፣ ይለያያሉ፤ አዳራሹም አብሮ ይሰፋል፣ ይጠባል። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ አንድ ዓይነት አይደለም። ሙዚየሙ በ2013፣ ከ36 ዓመታት በኋላ፣ ይህን ሥራ በዚያው አዳራሽ መልሶ ተክሎት ነበር። ጸሐፊው ለ«ባዶነት» ማስረጃ አድርገው ያቀረቡት ፎቶግራፍ የዚህ ሥራ ነው። በአንድ መቶኛ ሰከንድ የተነሣ ፎቶግራፍ ከጠዋት እስከ ማታ የሚለወጥን አዳራሽ እንዴት ሊመሰክርለት ይችላል?

«ማንም ሊሠራው ይችላል» የሚለው ሁለተኛው ክስ የሚመለሰው ሰውየው እንዴት እንደሠራ በመናገር ነው። ኧርዊን በ1928 በካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች ተወለደ። በወጣትነቱ እንደ ዘመኑ ሠዓሊዎች ቀለም በወፍራሙ እየደፋ ይሥል ነበር። ጊዜው እየገፋ ሲሄድ በሸራው ላይ ካለው ብዙ ነገር የቱ አስፈላጊ፣ የቱ ጌጥ እንደሆነ ራሱን ጠየቀ፤ ጌጡን እየጣለ ሄደ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስቱዲዮው ውስጥ ተቀምጦ ዐሥር ሥዕል ሠራ። በእያንዳንዱ ላይ ያሉት ሁለት መስመሮች ናቸው። ሃያ መስመር በሁለት ዓመት! አንዱን መስመር በፀጉር ስፋት ከፍ ያደርገዋል፣ ተቀምጦ ያየዋል፣ ይተኛል፣ ተነሥቶ ያየዋል፣ መልሶ ዝቅ ያደርገዋል። በዚህ መሀል ከሥዕሉ አጠገብ ግድግዳው ላይ ያለ አንድ ስንጥቅ ሥዕሉን እንደሚለውጥበት ደረሰበት። ስንጥቁን ሲደፍነው ሥዕሉ ሌላ ሆነ። ስለዚህ የስቱዲዮውን ግድግዳ አስተካክሎ ለሰነው። ከዚያች ስንጥቅ ተነሥቶ ነው ሥዕል በሸራው ጠርዝ እንደማያልቅ የተረዳው፤ ከዚያች ስንጥቅ ተነሥቶ ነው በመጨረሻ ወደ ክፍሉ፣ ወደ መስኮቱና ወደ ብርሃኑ የሄደው። መስታወት መቁረጥ ማንኛውም መስታወት ሠሪ ይችላል። የት እንደሚቆረጥ ለማወቅ ግን ከዚያች ስንጥቅ እስከ ላ ሆያ ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ስለ ሀብታሞች የተባለውን ቶሎ ልለፈው፤ በከፊል እውነት ስለሆነ። ታላላቅ ሙዚየሞች በባለጸጎች ገንዘብ ቆመዋል፤ ኧርዊን የሎስ አንጀለሱን የጌቲ ማዕከል የአትክልት ስፍራ የሠራው በነዳጅ ዘይት በተገኘ ሀብት ነው። ነገር ግን ወደዚያ አትክልት ለመግባት የሚከፈል ዋጋ የለም። በድንጋይ ወለሉ ላይም «ዘወትር የሚለወጥ፣ ሁለት ጊዜ አንድ ያልሆነ» የሚል ሐሳብ ተቀርጿል፤ ያን ለማንበብ ባለጸጋ መሆን አያስፈልግም። ደግሞም ይህ ሰው በ1970 ስቱዲዮውን ትቶ፣ ሊሸጥ የሚችል ዕቃ መሥራቱንም አቁሞ፣ ወደሚጋብዘው ቦታ ሁሉ እየሄደ ለቦታው የሚስማማውን መሥራት የመረጠ ነው። ለሀብታም መሸጥ ዋና ሐሳቡ ቢሆን ኖሮ የሚሸጠውን ነገር አይተውም ነበር።

የመጨረሻው ክስ፣ «ለእኛ የሚነግረን የለም» የሚለው፣ ከሁሉም ይልቅ ልቤን የነካኝ ነው። ጸሐፊው የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችንን ጠቅሰው፣ የእኛ ሥዕል ታሪክ ነጋሪ ነው ብለዋል። እኔም በእነዚያ ሥዕሎች ፊት ያደግሁ ነኝ፤ ፍቅራቸው አልወጣልኝም። ይሁን እንጂ ይህን ክስ እኛ አገር ከዚህ በፊት ሰምተነዋል። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ ያመጣቸው ረቂቅ ሥዕሎች ኢትዮጵያዊነታቸው ምኑ ላይ ነው ተብለው ተጠይቀዋል። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በስሙ የተሰየመ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ።

ታሪክ ነጋሪ ከሆነውም ሥራ አንድ ምሳሌ ላምጣ። በአፍሪካ አዳራሽ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ የባለ ቀለም መስታወት ሥራ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን፣ የአፍሪካን ትግልና ተስፋ የሚተርክ ታላቅ ሥራ ነው። ታሪኩ ቀንም ሌሊትም አንድ ነው፤ ሰዎቹ አይለወጡም፣ ችቦውም እዚያው ነው። ሆኖም ብርሃን ከኋላው ሳይኖር ከውስጥ ሆኖ የሚያየው ሰው የሚያገኘው ጨለማ መስታወት ነው። ቀን ከውጭ የሚመጣው ብርሃን በቀዩና በብጫው አልፎ ሲገባ ግን ሰው ታሪኩን ገና ሳያነብ ቆሞ ይቀራል። ያ ታሪኩን የቀደመው ነገር ምንድን ነው? አፈወርቅ ብርሃኑን ለታሪኩ አገልጋይ አደረገው፤ ኧርዊን ብርሃኑን ብቻውን ተወው። መንገዳቸው የተለያየ ነው፤ አንዱን ለማክበር ሌላውን መናቅ ግን አይገባም።

ስለ እኛ ከተነሣ፣ ከላ ሆያው ሙዚየም ብዙ ሳይርቅ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲዬጎ ግቢ ውስጥ ኧርዊን በ1983 የሠራው ሌላ ሥራ አለ። ቦታው የባሕር ዛፍ ጫካ ነው። በዛፎቹ መሀል በአማካይ ሰባት ሜትር ተኩል በሚደርሱ ምሰሶዎች ላይ፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሰማያዊ ፕላስቲክ የተለበጠ የሽቦ አጥር ተዘርግቷል፤ ሁለት ቪ ቅርጾች ተሻግረው ያልፋሉ። መግቢያ በር የለውም፤ ትኬትም የለውም። ተማሪዎች ወደ ክፍላቸው ሲሄዱ ያልፉበታል።

እናቴን ወደዚያም ወሰድኳት። ቀኑ መሸት ብሎ ነበር። መጀመሪያ የሄደችው ወደ ዛፎቹ ነው፤ አንድ ቅጠል አንሥታ በጣቶቿ መሀል አሸችና አሸተተችው። አጥሩን አላየችውም ነበር። ፊት ለፊት ሲያዩት ሽቦው ከሰማዩ ጋር አንድ ይሆናልና። ትንሽ ወደ ጎን እንደሄድን ግን ዝቅ ያለችው ፀሐይ ሽቦው ላይ አረፈችና ሰማያዊው ነገር በግንዶቹ መሀል ተነሣ። እናቴ ቆመች። «እንጦጦ ላይ ጠዋት ጠዋት ጭሱ እንዲህ በባሕር ዛፉ መሀል ይተኛ ነበር» አለችኝ። ኧርዊን እንጦጦን አያውቅም፤ ሥራውም ስለ እንጦጦ ምንም አይልም። እርሷ ናት ያየችው።

«ይኼ አጥር የት ነው የሚያልቀው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ከትልቁ ዛፍ ወዲህ ነው አልኳት፤ እርሷ ደግሞ ከትልቁ ዛፍ ወዲያ ሦስተኛው ግንድ ላይ ነው አለች። ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ድረስ አልተስማማንም።